መዝሙር ነው ያልኩት ሸክላ

በቤታችን አንድ ሸክላ አለ። አንድ ብቻ። ሌላ ገዝቼ አላውቅም፤ አልፈለግኩምም። ሰው አንድ ሚስት ከበቃው አንድ ሸክላም ይበቃዋል። ከአርባ ዓመት በላይ እሁድ እሁድ ከቸርች መልስ፣ ምሳ ከተነሣ በኋላ፣ እኔና ባለቤቴ ጎን ለጎን ተቀምጠን ይህንን ሸክላ ስንሰማ ኖረናል። የእሷ ወንበር ከዋንዛ ነው፤ የሠራሁት እኔ ነኝ። የእኔም ከዋንዛ ነው። ባለፈው ክረምት መውጫ፣ በዓላችን ጊፋታ ሊገባ ሦስት እሁድ ሲቀረው፣ ባለቤቴ ወንበሯን አንሥታ ማድ ቤት አስገባችው። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ወንበር ነው።

ጽሕፈት ብዙ አልችልም። የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ቤት የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት ግን በአማርኛ ስለሆነ እጄ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው። የሰው ስም አልጽፍም። ስም ከተጻፈ ነገ አንዱ መጥቶ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ይላል፤ እኔ ደግሞ ለመከራከር ዕድሜ የለኝም። ቢሆንም እከራከራለሁ።

ሸክላው የመጣው እዚሁ ሶዶ ካለው ከኦቶና ሆስፒታል ነው። በጉብዝናዬ ጊዜ እዚያ ሚሲዮን ግቢ ውስጥ አናጢ ነበርኩ። በር እሠራለሁ፣ መስኮት እሠራለሁ፣ አልጋ እሠራለሁ፣ ሲያስፈልግ ሣጥንም እሠራለሁ። አንድ የውጭ ሐኪም ነበሩ፣ ከኦስትሪያ የመጡ፣ ረጅምና ጎበጥ ያሉ ሰው። አማርኛቸው ስብርብር ያለ ነበር፤ የእኔም ያን ጊዜ ከእሳቸው ብዙ አይሻልም። አንድ ቀን ከቤታቸው ግድግዳ ላይ የመጽሐፍ መደርደሪያ ስገጥም ሸክላ አደረጉ።

መላጊያዬን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ሶዶ የኖረ ሰው ዝናብ ከዳሞት ተራራ እንዴት እንደሚወርድ ያውቃል። መጀመሪያ የሚደርሰው ድምፁ ነው። የላይኛውን ሰፈር ቆርቆሮ ይመታል፣ ቀጥሎ የእንሰቱን ቅጠል፣ ቀጥሎ የጎረቤትህን ጓሮ፤ አንተ ግን ገና ደረቅ ነህ። ቆመህ ትጠብቀዋለህ። የዚያ ሸክላ አጀማመር እንደዚያ ነው። ከሥር ከበሮ ይመታል፣ ጥሩምባው በላዩ ይነሣል፣ ባለ ክሩ መሣሪያ ሁሉ እየተግተለተለ ይመጣል፣ መጣ መጣ ስትል አንድ ወንድ መዝፈን ይጀምራል። እሱ ሲጨርስ ሴት ትቀበላለች። እሷ ስትጨርስ እንደገና እሱ። ዘፈኖቹ ስድስት ናቸው፤ ሦስት የእሱ፣ ሦስት የእሷ። አንድም ጊዜ አብረው አይዘፍኑም።

ሲያልቅ ሐኪሙ ከወንበራቸው ሆነው አዩኝ። መደርደሪያው አልተገጠመም።

«ማን ነው የሠራው?» አልኳቸው። እኔ ነገር ሁሉ የሚሠራ ነው የሚመስለኝ።

«የቪየና ሰው ነው» አሉ። «በእሱ ጊዜ በከተማው ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ሁሉም እነሱን ሲያይ እሱን ያየው የለም። ዛሬም አገሬ ብትሄድ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ነው።»

«ዋርካ ሥር የበቀለ ዛፍ» አልኩ።

ዋርካ ምን እንደሆነ በእጄ ከፍ አድርጌ፣ ሰፋ አድርጌ አሳየኋቸው። ሳቁ። ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። ሲምፎኒ ነው፣ ዘፈንም ነው፣ ሁለቱም በአንድ ላይ ነው አሉኝ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይዋደዳሉ፣ ግን አይገናኙም። ስድስቱንም አንድ በአንድ በስብርብሩ አማርኛቸው አስረዱኝ። ሲምፎኒ የሚባለውን አልያዝኩትም። ዘፈን የሚባለውን ግን በደንብ ሰምቻለሁ። ይህንን አንባቢ ያዝልኝ፤ ሳላውቅ አልነበረም።

ሐኪሙ አገራቸው ሲገቡ የዕቃቸውን ሣጥን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። በመጨረሻው ቀን ሁሉም ታሽጎ ሳለ የሸክላ ማጫወቻቸውና ያ አንዱ ሸክላ በረንዳው አግዳሚ ላይ ቀረ።

«ይሄ ሣጥኑ ውስጥ አልገባም» አሉኝ።

«ለክቼ ነው የሠራሁት፣ ይገባል» አልኩ።

«አይገባም።»

«ይገባል እንጂ! ይስጡኝ ላስገባው።»

«አይገባም ስልህ» አሉና ትከሻዬን ያዙኝ። እሳቸው ይስቃሉ፣ እኔ በልኬ ተሰድቤ ተናድጃለሁ። ስጦታ መሆኑ የገባኝ ማጫወቻውን ተሸክሜ የግቢው በር ላይ ስደርስ ነው።

ያን ጊዜ ገና ማግባቴ ነበር። ባለቤቴ ተበላ የምትባል የቆላ ከተማ ልጅ ናት። አባቷ የቸርች ሽማግሌ ነበሩ። እንግዲህ በእኛ በወንጌል አማኞች ዘንድ ከአፍ የሚወጣ ዜማ ሁለት ዓይነት ነው። ለእግዚአብሔር ከሆነ መዝሙር ነው፤ ካልሆነ ዘፈን ነው። ሦስተኛ የለም። ዘፈን የተዘፈነበት ቤት ውስጥ አማቴ ውኃ አይጠጡም ነበር። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ሸክላ ተሸክሜ ገባሁ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች፣ ገና ከበሩ።

«ከሚሲዮን የተሰጠኝ ነው።»

«ምን ይላል?»

«መዝሙር ነው።»

አፌ ቀደመኝ። ደግሞም ከሚሲዮን የወጣ ነገር መዝሙር አይደለም ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ? እሷም አልጠረጠረችም። ቁጭ ብላ ሰማች። ሲያልቅ «ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ምን ይላል?» አለችኝ።

አንድ ሚስማር አጣመህ ከመታህ እሱን ለመደገፍ ሌላ ትመታለህ። የመጀመሪያው መንገድ የደከመው ሰው እግዚአብሔርን ሲጠራ ነው አልኳት። ሁለተኛው የመበለት ምስጋና ነው አልኩ። ሦስተኛው የመከር ነው። አራተኛው፣ ሸክላው ሲገለበጥ የሚጀምረው፣ ልጇ የታመመባት እናት ጸሎት ነው አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። እዚያ ላይ ያ ሁሉ መሣሪያ ዝም ይልና አንድ ቫዮሊን ብቻውን ይቀራል፤ ሴትዮዋም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው የምትሰማ ይመስል ቆም እያለች ነው የምትዘፍነው። የታመመ ሰው ያለበት ቤት መሰለኝ። አምስተኛውን የተጋድሎ አልኩት። ስድስተኛውን፣ የሴቷን ስንብት፣ አማኝ ወደ ጌታው ሲሄድ ነው አልኩ።

ስድስቱንም አመነች። የጸሎት ጓደኞቿን ጠራች። ነጠላቸውን ተከናንበው ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ፤ ያቺ ኦስትሪያዊት ስለ ወንድ አዝና ዘፍና ስትጨርስ «አሜን!» ይላሉ። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ጣሪያውን አያለሁ።

አሁን ስለ ሸክላው እኔ የማውቀውን ልናገር፤ ሰው ቢስቅም ይሳቅ። ሙዚቃ አልተማርኩም። እንጨት ግን አውቃለሁ። ክፉ አናጢ ሁለት እንጨት ሲያጋጥም ሚስማር ይመታበታል፤ ሚስማሩ ይታያል፣ ይዝጋል። ጥሩ አናጢ እንጨቱን በእንጨት ቀርጾ ያስገባዋል፤ እጅህን ብታስኬድበት መገጣጠሚያውን አታገኘውም። ይሄ የቪየና ሰው ስድስቱን ዘፈን ያጋጠማቸው እንዲያ ነው። የወንዱ የት እንዳለቀ፣ የሴቷ የት እንደጀመረ ልይዘው ስል ያልፈኛል። ሸክላው የሚገለበጥበት ቦታ ብቻ ነው ክፍት ያለው፤ እሱ ደግሞ የእሱ ጥፋት አይደለም።

ሌላም አለ። መጀመሪያ ላይ ከበሮው ሥር የሚመጣው ያ ዜማ፣ ዝናብ ያልኩት፣ መጨረሻው ዘፈን ውስጥ ይመለሳል። ግን ሲመለስ ለስልሶ ነው። ዝናቡ አልፎ ከቅጠል ላይ እንደሚንጠባጠበው። ይህንን ማንም አልነገረኝም። ስድስት ዓመት ሰምቼ ነው የያዝኩት። የያዝኩት ቀን ከወንበሬ ተነሥቼ «ያው ነው!» ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ «መንፈስ ቅዱስ ነክቶት ነው» ብላ ለሴቶቹ ነገረች።

ማጫወቻውን ሳኖረው ኖርኩ። ላስቲኩ ሲበጠስ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በምላጭ ቆርጬ አደርግለታለሁ። መርፌው ሲያልቅ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሹፌር ይፈልግልኛል። ሶዶ ላይ መብራት መሄድ ብርቅ አይደለም፤ ዘፈኑ መሃል ላይ ሲሄድ ሸክላው ቀስ እያለ፣ የሴትዮዋ ድምፅ እየወፈረ ወንድ ሆና ትቆማለች። ያን ጊዜ ባለቤቴ የቀረውን በአፍንጫዋ ታዜመዋለች። አራተኛውን እሷ ስታዜመው ከሸክላው ይሻላል። ይህን ስጽፍ እያጋነንኩ አይደለም።

የመጀመሪያዋ ልጃችን ሦስት ዓመት ሲሆናት ባለቤቴ ይዛት ተበላ ወረደች፣ እናቷን ለመጠየቅ። እዚያ ሕፃኗን ወባ ጣላት። ሰው ተላከብኝ። እኔ የግቢውን ትልቁን በር ይዤ ነበር፤ ተፈልጦ፣ ተልጎ፣ ሊገጠም ነው። ሥራ ነበረኝ። በሦስተኛው ቀን ደረስኩ። ልጅቱ ላብ ላብ ብሏት ትኩሳቱ ለቅቋት ነበር። ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ልጅቷን አቅፋ አራተኛውን ታዜማለች። ቀና ብላ አየችኝና «የእናትየዋ ጸሎት ነው ያዳናት» አለች።  ያን ቀን ያልተናገርኩትን በሌላ ቀን እናገራለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ሌላው ቀን አርባ ዓመት ሆነ።

ያቺ ልጅ አሁን አረካ አስተማሪ ናት። የራሷ ልጆች አሏት። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሳይከፈት ልትጠይቀን መጣች። እሁድ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ። ሸክላው እየዞረ፣ ባለቤቴ ዳንቴሏን ይዛ፣ ልጄ የሸክላውን ልባስ አንሥታ ጀርባውን ታገላብጣለች። ጀርመንኛ ነው፣ እንደ ጉንዳን የጠጠረ ጽሕፈት። ስልኳን አወጣች። ጽሕፈቱን በካሜራ ካሳዩት የሚተረጉም ነገር አለ ለካ። እኔ ይህንን ባውቅ ልባሱን ድሮ አቃጥለው ነበር።

«አባዬ» አለች እየሳቀች፣ «ይሄ እኮ መዝሙር አይደለም።»

«ዝም ብለሽ ስሚ» አልኳት።

«ኧረ የፍቅር ዘፈን ነው! ስድስቱም። እዩት፣ ወንዱ እንዲህ ይላል…»

የባለቤቴ እጅ ቆመ። «አራተኛው ምን ይላል?» አለች።

ልጄ ነገሩ ገና አልገባትም። ስልኳን አስጠግታ አነበበች፦ አንዲት ሴት ፀጉሯን እያበጠረች ወንድ ትጠብቃለች፤ በሩ በተነቃነቀ ቁጥር እሱ ይመስላታል፤ ነፋስ ነው።

ባለቤቴ ወደ ልጇ አላየችም። ወደ እኔ ዞረች።

«ታውቅ ነበር?»

እንግዲህ ግትር ነኝ እንጂ ፈሪ አይደለሁም። «አውቅ ነበር» አልኳት።

ሸክላው እየዞረ ነበር። ዳንቴሏን አጠፈች። ተነሣች። ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘች። ዋንዛ ከባድ ነው፣ ልጄ ልታግዛት ስትል በክርኗ ገፋቻት። ማድ ቤት ወስዳ አስቀመጠችውና እዚያው ተቀመጠችበት።

ሁለት እሁድ እንዲሁ አለፈ። እህል ታቀርብልኛለች፣ ውኃ ትሰጠኛለች፣ ስጠይቃት ትመልሳለች። ወንበሩ ግን አልተመለሰም። እኔም ይቅርታ አላልኩም። እልህ ይዞኝ ሸክላውን ብቻዬን አደረግኩት፣ ድምፁንም ከፍ አድርጌ። አጠገብህ ባዶ ቦታ እያለ ሙዚቃ ሲጮህ ምን እንደሚመስል አሁን አውቃለሁ። ባዶ ቤት ውስጥ መዶሻ እንደመምታት ነው።

ልጄ አረካ ከመመለሷ በፊት ልታስታርቀን ሞከረች። «እማዬ፣ ሙዚቃው እኮ ያው ነው፣ ምን ተቀየረ?» አለቻት። እኔም የምለው ይህንኑ ነበር፤ ከማድ ቤቱ በር ውጭ ቆሜ ራሴን ነቀነቅኩ።

«አንቺን አቅፌ» አለቻት እናቷ፣ «ነፍስሽ እንድትተርፍ የምማጸነውን ጌታ በዘፈን አስለመነኝ። አባትሽ። እያወቀ።»

ልጄ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እኔም ራሴን መነቅነቅ ተውኩ።

ጊፋታ ቀረበ። የእኛ ዘመን መለወጫ ነው፤ የሚውለውም እሁድ ነው። የተጣላ ሰው ጊፋታን አይሻገርም። ጎረቤት ከጎረቤት፣ ወንድም ከወንድም፣ ባል ከሚስት ያለበትን ነገር ጨርሶ ነው አዲሱ ዓመት ውስጥ የሚገባው። ደግሞ ለጊፋታ በሬው የወንዱ ድርሻ ነው፣ ቅቤው የሴቷ። እኔ ከሰፈር ሰዎች ጋር ቅርጫ ገብቻለሁ። እሷም ዓመቱን ሙሉ ቅቤዋን አከማችታለች። ግን የቅቤው እንስራ እንደታሰረ ነው፤ ሌላው ቤት ቅቤ ሲነጠር ይሸታል፣ የእኛ ቤት አይሸትም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአፍንጫው አወቀብን።

ጊፋታ አራት ቀን ሲቀረው ባለቤቴ ሽማግሌ ጠራች። ሦስት ናቸው። አንዱ የቸርቻችን ሽማግሌ፣ ቀጥ ያሉ ሰው፣ ሳቃቸውን ያየ የለም። ሁለተኛው ያ መርፌ የሚያመጣልኝ ሹፌር፣ አሁን ጡረታ የወጣ። ሦስተኛው የግድግዳ ጎረቤቴ፣ ኦርቶዶክስ ነው፣ አያቱ ከሰሜን የመጡ፤ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። እኔና እሱ በአጥር ስንጣላ በሃይማኖት ስንቀላለድ አርጅተናል።

ባለቤቴ ክሷን ተናገረች። ዋሸኝ አለች። አርባ ዓመት ዋሸኝ፣ የጸሎት እኅቶቼን አስዋሸኝ፣ ቤቴን የዘፈን ቤት አደረገው። ተናግራ ማድ ቤት ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አሉኝ የቸርቹ ሽማግሌ።

«ሳትሰሙት አትፈርዱም» አልኩ።

«ምኑን?»

«ሸክላውን። ያልታየ እንጨት ተቆርጦ ያውቃል?»

«እኔ ዘፈን አልሰማም።»

«ዘፈን መሆኑን ሳይሰሙ በምን ያውቃሉ?»

ጎረቤቴ ሳቁን ሲይዝ አየሁት። «ይህንን ሰው እኔ አውቀዋለሁ» አለ። «ካልሰማንለት እስከ ጊፋታ እዚሁ ነን። ይሰማ።»

ሦስቱን በአንድ አግዳሚ አስቀመጥኳቸው። ከበሮው ሲጀምር ሹፌሩ ጉልበቱን መታ አደረገ፤ «ይሄማ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ መኪና ነው» አለ። የቸርቹ ሽማግሌ እጃቸውን አጣጥፈው ወለሉን ያያሉ። ወንዱ ዘፈነ፣ ሴቷ ዘፈነች፣ ወንዱ ዘፈነ። መርፌውን አነሣሁ።

«ተመስገን» አሉ የቸርቹ ሽማግሌ። «አለቀ።»

«ገና ሊገለበጥ ነው።»

«ይገለበጣል?!»

«ታገሡ እንጂ» አላቸው ጎረቤቴ። «እኛ ማኅሌት የምንቆመው ከዚህ ይረዝማል፤ ያውም በእግራችን። እናንተን ጴንጤዎችን ወንበር አበላሻችሁ።»

ገለበጥኩት። አራተኛው ጀመረ። መሣሪያው ሁሉ ዝም አለና ያ ቫዮሊን ብቻውን ቀረ። ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ገባች።  ውጭ ባጃጅ አለፈ፣ ድምፁ ሄደ። ዘፈኑ ወደ ማለቂያው ሲደርስ የቸርቹ ሽማግሌ መሐረብ አውጥተው አፍንጫቸውን ያዙ። እጃቸውን አነሡ፣ አቁም ለማለት። መርፌውን አነሣሁት።

«ይህች ሴት» አሉ፣ ድምፃቸው ሌላ ሆኖ፣ «ምን እያለች ነው?»

ማድ ቤት የድስቱ ድምፅ ቆመ።

እውነቱን ልናገር፤ ውሸቱ አፌ ላይ ነበር። አርባ ዓመት የተመላለሰበት መንገድ ነው፣ ምላሴ ሳልነዳው ይሄዳል። እናት ናት ብል ሰውዬው ያምኑኝ ነበር፤ ምናልባትም ይፈርዱልኝ ነበር።

«ወንድ እየጠበቀች ነው» አልኩ። «እመጣለሁ ብሏታል። ፀጉሯን እያበጠረች በሩን ታዳምጣለች። አይመጣም።»

ከማድ ቤት ድምፅ መጣ። «ስንት ቀን ጠበቀችው?»

«እሱን አይልም» አልኩ።

«እኔ ሦስት ቀን» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ባለቤቴ በማድ ቤቱ በር ላይ ቆመች፣ ጨርቅ በእጇ ይዛ። ወደ እነሱ እንጂ ወደ እኔ አላየችም።

«አባቶቼ፣ ያቺ አረካ ያለችው ልጄ ተበላ ላይ በወባ ስትነድ ሰው ልኬበት ነበር። በሩን ልጨርስ አለ። የግቢውን በር። የጎረቤት ሴት ሁሉ፣ ባልሽ የት አለ ትለኛለች፤ እኔ ይመጣል እላለሁ። ያንን ዜማ አዜማለሁ። የእናት ጸሎት ነው ብሎኝ ነበራ! ግን ሳዜመው ልቤ ከልጄ እየሸሸ መንገድ መንገዱን ያያል። ለጌታ እየዘመርኩ ባል አስባለሁ ብዬ ንስሐ ገባሁበት። ተንበርክኬ! ስንት ዓመት። ለካ ዘፈኑ ራሱ የሚለው እሱን ነው። እኔ በትክክል ነበር የማዜመው።»

 ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ እኅታችን፣ ክሱ የትኛው ነው? ዘፈኑ ነው በሩ?»

አሰበች። «በሩ» አለች።

ያ በር ዛሬም እንደቆመ ነው ይሉኛል። ጥሩ በር ነው። ለአንድም ቀን ስለ እሱ ተነጋግረን አናውቅም ነበር፤ እሷ አላነሣችውም፣ እኔ የተረሳ መሰለኝ። ለራሴ «ሥራ ነበረኝ» ብዬ ነው የተኛሁበት፤ እላይ ስጽፈውም እንደዚያው ብዬ ነው ያለፍኩት። ነገር ግን ወባ ሦስት ቀን ይጠብቃል ብሎ የነገረኝ ማን ነበር? ልጅቷ ብትሞት ኖሮ በሩን ምን አደርገው ነበር?

ተነሣሁ። አግዳሚውን ይዤ ነው የቆምኩት። «መምጣት ነበረብኝ» አልኳት። «በሩን ጥዬ መምጣት ነበረብኝ። ይቅር በይኝ። ስለ ዘፈኑም ይቅር በይኝ፣ ግን መጀመሪያ ስለ በሩ።»

እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። ጨርቁን አየችው፣ አጠፈችው፣ ፈታችው። «እሺ» አለች። 

ሽማግሌዎቹ መረቁ። ከዚያ ፈረዱ፦ ጊፋታ ሳይሻገር ስድስቱንም ዘፈን ሳልጨምር ሳልቀንስ በእውነተኛው ልንገራት አሉ። ሹፌሩ «ሸክላው ግን ቤት ይቀመጥ ወይስ ይውጣ? ዘፈን ነው አይደለም?» ብሎ ወደ ቸርቹ ሽማግሌ ዞረ።

ሰውዬው መሐረባቸውን ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱ።

«ጆሮዬ ደክሟል» አሉ። «በደንብ አልሰማሁትም።» ቆየት ብለው ደግሞ፣ «የቀረው ስንት ነው?» አሉ።

«ሁለት።»

«ይሰማ እንግዲህ። የጀመሩትን መጨረስ ነው።»

በማግስቱ ማለዳ የቅቤው እንስራ ተፈታ። ሽታው አጥሩን አልፎ ሲሄድ ጎረቤቴ ከዚያ በኩል «እልልል!» አለ፣ እንደ ሴት።

ጊፋታ ዕለት ልጃችን ከአረካ ከነልጆቿ መጣች። ሥጋው ተበላ፣ ከእንሰት የሚሠራው ሙቿው ቅቤ ጠግቦ ተበላ፣ ሰው መጣ ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉም የበዓሉን ጨዋታ ሊያይ ወጣ፤ ቤቱ ለሁለታችን ቀረ። እኔ ሸክላውን በጨርቅ እጠርጋለሁ። ከኋላዬ ዋንዛ ወለል ላይ ሲጎተት ሰማሁ። አልዞርኩም። አምጥታ አስቀመጠችው፤ ግን በድሮው በኩል አይደለም፣ በግራዬ ነው። ቀኝ ጆሮዋ የተሻለ ይሰማላታል፤ ይህን ለካ እስከዚያ ቀን አልነገረችኝም ነበር።

«በል ንገረኝ» አለች። «ውሸት ከጨመርክ ወንበሬን አነሣለሁ።»

ሐኪሙ የነገሩኝን አንድ በአንድ ነገርኳት። የመጀመሪያው ሰው መንገድ የደከመው እውነት ነው፣ የሚጠራው ግን ሴት ነው። መበለት ያልኳት ገና ያላገባች ልጅ ናት። የመከሩ ውስጥ መከር የለም። እሷ «ሂድ አንተ!» እያለች ትሰማለች። ሸክላውን ገልብጬ ስለ አራተኛው አፌን ስከፍት እጇን አነሣች።

«እሱን አውቀዋለሁ» አለች።

ቫዮሊኑ ብቻውን ሲቀር ድሮ እንደምታደርገው በአፍንጫዋ ገባችበት። መብራት አልሄደም፣ ሸክላውም አልቆመም፤ ከሴትዮዋ ጋር እኩል አዜመችው። ሁለት ሴቶች አንድ ወንድ ሲጠብቁ ሰማሁ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ።

ስድስተኛው ላይ «ይሄኛው ሴቷ ስትሰናበተው ነው፤ ደህና ሁን ብላው…» ብዬ ጀመርኩ።

«አይደለም» አለችኝ። «ይሄ መዝሙር ነው። አማኝ ወደ ጌታው ሲሄድ ነው። ስሞት ይሄንን ታደርግልኛለህ።»

«ኧረ ሐኪሙ እኮ…»

«ዝም በል አንተ ሰው፣ ልስማበት።»

ልከራከራት ነበር። እውነቱ በእኔ በኩል ነበር፤ ሽማግሌ ፈርዶልኛል፣ የልባሱ ጽሕፈት ምስክሬ ነው። ግን ያ የመጀመሪያው ዜማ፣ ከዳሞት የወረደው፣ ለስልሶ እየተመለሰ ነበር። እሷም ሰምታዋለች፤ ጣቷን አንሥታ «ያው ነው» አለችኝ። ተውኩት።